ስምን ማን ያወጣዋል? ስለ ሕፃናት ስም አወጣጥና ትርጉም የተጻፈ አጭር ታሪክ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አባቶቻችን። ይህን ምሳሌ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ ነገር ግን መልአኩ ስሙን በማን አፍ እንደሚያወጣው፣ ስለ ምንስ አንዱን ስም ትቶ ሌላውን እንደሚመርጥ ጠይቀን አናውቅም። ዘወትር ጧት መምህራችን መዝገቡን ገልጠው ስም በሚጠሩበት ጊዜ «አቤት» እያልን እንመልሳለን። ከበደ፣ ለምለም፣ ካሣ፣ እታፈራሁ፣ ኪሮስ፣ ሰዒድ፣ ቢያድግልኝ ሲባል ጆሯችን የሚሰማው የጓደኞቻችንን መጠሪያ ብቻ ነው። ነገር ግን ያ መዝገብ አስተውሎ ለሚያነበው ሰው የታሪክ መጽሐፍ ነው።

ይህንም የተረዳነው በታሪክ ትምህርት ክፍለ ጊዜ መምህራችን፣ «ወደ ቤታችሁ ስትገቡ ስማችሁን ማን እንዳወጣላችሁና ስለ ምን እንዳወጣላችሁ ጠይቃችሁ ኑ» ብለው ባዘዙን ጊዜ ነው። መጀመሪያ ሥራው ቀላል መስሎን ሣቅን። ከመካከላችን ማስረሻ የሚባል ልጅ ግን ስሙን አይወደውም ነበር፤ ያረጀ ስም ስለሚመስለው ለብሔራዊ ፈተና ከመመዝገቡ በፊት ሊለውጠው ያስብ ነበር። እናቱን በጠየቃቸው ጊዜ እርሳቸው ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ ካንተ በፊት ሁለት ነበሩ። የነሱን ኀዘን ያስረሳኸኝ አንተ ነህ» አሉት። ማስረሻ ይህን በማግሥቱ ሲነግረን ክፍሉ በሙሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ስም ታሪክ ልናጠናና ያገኘነውን ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ልናቀርብ ወሰንን። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዘመኖች ሁሉ በአገራችን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

፩. ሁለት ስም ያለው ሕፃን

በአገራችን በክርስቲያን ቤት የተወለደ ሕፃን ሁለት ስም አለው። አንደኛው የዓለም ስም ሲሆን፣ ይህን የሚያወጡት እናትና አባት ወይም አያት ናቸው። ሁለተኛው የክርስትና ስም ሲሆን፣ ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ሲነሡ በቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ ነው። ካህኑም ብዙ ጊዜ በዕለቱ ወይም በሰሞኑ የሚከበረውን ቅዱስ ተመልክቶ ይሰይማል። ይህ ስም በገበያና በትምህርት ቤት አይሰማም፤ በቁርባንና በጸሎት፣ በመጨረሻም በፍትሐት ጊዜ ይጠራበታል። ስለዚህ ሰው አብሮት ያደገውን የጓደኛውን የክርስትና ስም ሳያውቅ ሊኖር ይችላል።

የክርስትና ስም የሚሠራው ከግዕዝ ቋንቋ ነው። ገብረ ማለት አገልጋይ፣ ወልደ ማለት ልጅ፣ ተክለ ማለት ተክል፣ ኃይለ ማለት ኃይል፣ ሣህለ ማለት ይቅርታ ወይም ምሕረት ነው። ለሴቶችም ወለተ ማለት ሴት ልጅ፣ አመተ ማለት ሴት አገልጋይ፣ እኅተ ማለት እኅት ነው። እነዚህ ቃላት ብቻቸውን አይቆሙም፤ ገብረ ቢባል «የማን አገልጋይ?» ተብሎ ይጠየቃልና። ስለዚህ ገብረ መድኅን፣ ተክለ ሃይማኖት፣ ወለተ ሚካኤል፣ ኃይለ ሥላሴ እየተባለ የአምላክ ወይም የቅዱስ ስም ይከተለዋል። በሰፈር ግን ገብሬ፣ ተክሌ፣ ኃይሌ ተብሎ ያጥራል።

በእስላም ቤት የተወለደ ሕፃን ደግሞ በልማዱ በሰባተኛው ቀን ስም ይወጣለታል። ስሙም አብዛኛውን ጊዜ ከዐረብኛ የመጣ ነው። ሙሐመድ ማለት የተመሰገነ፣ ሐሰን ማለት መልካም፣ ሰዒድ ማለት ደስተኛ፣ አሚና ማለት የታመነች ነው። እንግዲህ ሃይማኖቱ ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው፤ ሕፃኑ ገና ምንም ሳይሠራ፣ ወላጆቹ ሊሆን የሚመኙለትን አስቀድመው ይጠሩታል።

ከዚህም ሌላ በአገራችን ቋሚ የቤተሰብ ስም የለም። ልጅ በራሱ ስም ላይ የአባቱን፣ ቀጥሎም የአያቱን ስም ያስከትላል። ስለዚህ ሙሉ ስማችንን በጻፍን ቁጥር የሦስት ትውልድ ምኞት በአንድ መስመር ላይ እንጽፋለን ማለት ነው።

፪. ጸሎት የሆኑ የነገሥታት ስሞች

ስምን ዐረፍተ ነገር አድርጎ ማውጣት የዛሬ ልማድ አይደለም። ከዛሬ ስምንት መቶ ዓመት በፊት በዋግና በላስታ ተራሮች መካከል የኖሩት የዛጔ ነገሥታት ስም ለዚህ ምስክር ነው። ይምርሐነ ክርስቶስ የግዕዝ ቃል ነው፤ «ክርስቶስ ይምራን» ማለት ነው። ነአኩቶ ለአብ ደግሞ «አብን እናመስግነው» ማለት ነው። አንዱ ስም ልመና ነው፤ ሌላው ስም ምስጋና ነው። የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከላሊበላ በስተሰሜን ምሥራቅ በትልቅ ዋሻ ውስጥ እስከ ዛሬ ቆሞ ይገኛል፤ ወደዚያ የሚሄድ መንገደኛ ሁሉ ስሙን በጠራ ጊዜ ሳያስበው ጸሎት ያደርሳል።

የላሊበላ ስም ታሪክ ግን ከእነዚህ ይለያል። እንደሚተረከው ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ ብዙ ንቦች መጥተው ከበቡት። እናቱም ይህን አይታ ንቦቹ ንጉሥነቱን ዐወቁለት ስትል በአገውኛ ላሊበላ አለችው። ላል ማለት በአገውኛ ንብ ነው ብለው አባቶች ይተረጉማሉ። ይኸው ሰው በነገሠ ጊዜ ደግሞ በግዕዝ ገብረ መስቀል ተባለ። እንግዲህ በአንድ ሰው ላይ ሁለት ስም፣ በሁለቱ ስም ላይ ደግሞ ሁለት ቋንቋ አለ። እናቱ በቤት ቋንቋ፣ ቤተ ክርስቲያን በመጽሐፍ ቋንቋ ጠሩት። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ግን እናቱ ያወጣችለትን ስም ነው፤ ከተማውም የሚጠራው በዚሁ ነው።

በ1262 ዓ.ም. መንግሥቱ ከዛጔ ወጥቶ ወደ ይኩኖ አምላክ ተላለፈ። የአዲሱ ንጉሥ ስምም ቢሆን «አምላክ ይሁንለት» የሚል ጸሎት ነው። ስለዚህ የነገሥታቱ ዘር ቢለወጥ የስም አወጣጡ ሥርዐት አልተለወጠም።

፫. ጴጥሮስ ከእስፓኝ፣ ወለተ ጴጥሮስ ከኢትዮጵያ

የሌላ አገር ሰዎችስ ልጆቻቸውን እንዴት ይሰይማሉ? ይህን ለማነጻጸር እስፓኝን፣ ዛሬ ስፔን የምንለውን አገር መረጥን፤ ምክንያቱም ከዚያ አገር የመጣ አንድ ሰው በታሪካችን ውስጥ ስሙን ትቶ አልፏል። እርሱም በ1595 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የገባው ኢየሱሳዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ ነው።

ፔድሮ ማለት የእኛው ጴጥሮስ ነው። ፓኤዝ ማለት ደግሞ የፓዮ ልጅ ማለት ነው። በእስፓኝ ቋንቋ በስም መጨረሻ ላይ የሚገኘው «ኤዝ» የሚለው ድምፅ በጥንት ጊዜ የእገሌ ልጅ ለማለት የሚጨመር ነበር። ስለዚህ ፔሬዝ የፔድሮ ልጅ፣ ፌርናንዴዝ የፌርናንዶ ልጅ፣ ሳንቼዝ የሳንቾ ልጅ ማለት ነው። ከዚህ የምንረዳው እነርሱም በጥንት ዘመን እንደ እኛ በአባታቸው ስም ይጠሩ እንደ ነበረ ነው። ኋላ ግን የአባት ስም ቆሞ ቀርቶ የቤተሰብ ስም ሆነ። ዛሬ በእስፓኝ አንድ ልጅ ከራሱ ስም ቀጥሎ ሁለት የቤተሰብ ስም አለው፤ አንዱ ከአባቱ፣ ሁለተኛው ከእናቱ የመጣ ነው። በእኛ አገር ግን ስሙን ያወጣችው እናት ብትሆንም የእርሷ ስም በልጁ ስም ላይ አይጻፍም።

የእስፓኝ ሕፃናት ስም ከየት እንደ መጣ ቢመረመር የአገሪቱ ታሪክ በየተራ ተደርድሮ ይገኛል። ከቤተ ክርስቲያን የመጡት እንደ እኛው ናቸው፤ ኹዋን ዮሐንስ፣ ኢሳቤል ኤልሳቤጥ፣ ሳንቲያጎም ቅዱስ ያዕቆብ ማለት ነው። ፌርናንዶ፣ አልፎንሶና ሮድሪጎ ያን አገር በጥንት ጊዜ ከገዙት ከጎቶች ቋንቋ የመጡ ናቸው። ፋቲማ የሚለው ስም ደግሞ ሥሩ ዐረብኛ ነው፤ ከእኛው ፋጡማ ጋር አንድ ነው። ድል አድራጊው ሁሉ አልፎ ሲሄድ ስሙን በሕፃናት ላይ ትቶ ሄደ ለማለት ይቻላል።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን እስፓኞች ሴቶች ልጆቻቸውን በእመቤታችን በማርያም ልዩ ልዩ መጠሪያዎች መሰየማቸው ነው። ሜርሴዴስ ማለት ምሕረት ነው፤ ይህም ሣህለ ማርያም ከሚለው ስማችን ጋር ይዛመዳል። ፒላር ማለት ዓምድ ነው፤ እኛም ዓምደ ጽዮን የተባለ ንጉሥ ነበረን። ዶሎሬስ ማለት የእመቤታችን ኀዘን ነው። ኮንሱዌሎ ማለት መጽናናት ነው፤ ይህም ማስረሻ ከሚለው ከጓደኛችን ስም ብዙ አይርቅም። ባሕርና በረሓ የለያቸው እናቶች ባንድ ዓይነት ኀዘን ባንድ ዓይነት ቃል ልጆቻቸውን ጠሩ።

አሁን ወደ ፔድሮ ፓኤዝ ታሪክ እንመለስ። ይህ ሰው በ1610 ዓ.ም. ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ የዓባይን ምንጭ ያየና ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ ትልቅ መጽሐፍ የጻፈ ነው። ዐፄ ሱስንዮስም በ1614 ዓ.ም. የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ ተቀበሉ፤ ፓኤዝም በዚያው ዓመት በጎርጎራ ሞተ። በዚያም ዘመን ወለተ ጴጥሮስ የምትባል ታላቅ ሴት ነበረች፤ ትርጉሙ የጴጥሮስ ልጅ ማለት ነው። እርሷ ግን የቀድሞውን ሃይማኖት አልለውጥም ብላ፣ የንጉሡ ባለሟል የነበረውን ባሏን መልክአ ክርስቶስን ትታ መነነች፤ በ1635 ዓ.ም. እስክትሞትም ድረስ ብዙ መነኮሳትንና መነኮሳይያትን ሰብስባ አስተማረች። ፔድሮና ወለተ ጴጥሮስ በአንድ ሐዋርያ ስም ተጠርተው፣ በአንድ አገር፣ በአንድ ዘመን ተቃራኒ ሆነው ቆሙ።

ከዚህም የሚያስደንቀው ሌላ ነገር አለ። የንጉሡ ባለሟል መልክአ ክርስቶስ ተብሎ ሲጠራ፣ በጎረቤታችን በላስታ በንጉሡ ላይ ያመፀው መሪም ስሙ መልክአ ክርስቶስ ነበረ። ትርጉሙም የክርስቶስ መልክ ማለት ነው። በ1624 ዓ.ም. የንጉሡና የላስታው መልክአ ክርስቶስ ሠራዊት ወይና ደጋ ላይ ተዋጉ። ድሉ የንጉሡ ቢሆንም ከወገን ብዙ ሺህ ሰው ስላለቀ ሱስንዮስ የቀድሞውን ሃይማኖት መለሱ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ አስተላለፉ።

እንግዲህ ስም የሰውን መንገድ አስቀድሞ አይወስንም። ስም የሚያሳየው ወላጆች የተመኙትን ነው፤ መንገዱን የሚመርጠው ግን ባለስሙ ራሱ ነው።

፬. ሁለቱ ካሣዎችና የዋጉ ጎበዜ

በአገራችን ሰው ሲነግሥ ስሙን ይለውጥ ነበር። በጎንደር ዘመንና ከዚያ አስቀድሞ ሰገድ የሚለው ቃል የተለመደ ነበር፤ ሱስንዮስ ሥልጣን ሰገድ፣ ፋሲለደስ ዓለም ሰገድ፣ ታላቁ ኢያሱ አድያም ሰገድ ተብለዋል። ዓለም ሰገድ ማለት ዓለም የሰገደለት ማለት ነው። ይህ ስም እንደ ሕፃን ስም ጸሎት አይደለም፤ ለሕዝብ የሚነገር ዐዋጅ ነው።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ የዋግ ስም በግልጥ ይታያል። የቋራው ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ቴዎድሮስ ተባሉ፤ ይህም ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ተነሥቶ በጽድቅ ይገዛል የሚል ትንቢት በሕዝቡ ዘንድ ይነገር ስለ ነበረ ነው። በእርሳቸው ዘመን ዋግሹም ገብረ መድኅን በንጉሡ ትእዛዝ ተገደሉ። ገብረ መድኅን ማለት የመድኅን አገልጋይ ማለት ነው። ልጃቸው ዋግሹም ጎበዜ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሞቱ በኋላ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ጎበዜ ማለት «የኔ ጎበዝ» ማለት ሲሆን፣ እናት ልጇን የምታቆላምጥበት ስም ነው። ተክለ ጊዮርጊስ ግን የጊዮርጊስ ተክል ማለት ነው፤ ይህ የቤት ሳይሆን የዙፋን ስም ነው።

የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ባለቤት ድንቅነሽ ምርጫ ይባሉ ነበር። ወንድማቸው ካሣ ምርጫ በ1863 ዓ.ም. ከእኅታቸው ባል ጋር ዓድዋ አጠገብ ተዋግተው ድል አደረጉና በ1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ከዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውል የምንፈልገው፣ ከዋጉ ንጉሥ በፊት የነበሩትም ሆኑ በኋላ የመጡት ንጉሠ ነገሥት በልጅነታቸው ስማቸው ካሣ እንደ ነበረ ነው። ካሣ ስለ ጠፋ ነገር የሚሰጥ ምትክ ነው፤ ልጅ ሞቶባት ሌላ የወለደች እናት የምታወጣው ስምም ነው። ዘውድ የጫኑትም ሰዎች በእናት እቅፍ ሳሉ እንደ ማንኛውም ሕፃን ይጠሩ ነበር።

ድንቅነሽ የሚለውም ስም ሌላ ዕድል አግኝቷል። በ1967 ዓ.ም. ኅዳር ወር በአፋር አገር ሐዳር በተባለው ስፍራ የሰው ዘር ጥንታዊ አፅም በተገኘ ጊዜ፣ ፈረንጆቹ በዘፈን ስም ሉሲ አሏት፤ እኛ ግን ድንቅነሽ አልናት። በአንድ ወቅት የዋግ ቤት እመቤት የነበሩት ሴት የተጠሩበት ስም ዛሬ ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረች የሰው ዘር አያት ስም ሆኗል።

ዐፄ ምኒልክም በክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ነበሩ። በልጅነታቸው እናታቸው «ምን ይልህ ሸዋ» ብለው ሰይመዋቸው እንደ ነበረና፣ አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ምኒልክ ይባል እንዳሉ በቃል ይተረካል። ተፈሪ መኰንን ደግሞ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ በክርስትና ስማቸው ኃይለ ሥላሴ ተባሉ። ነገር ግን ራስ ተፈሪ የሚለው የቀድሞ ስማቸው ባሕር ተሻግሮ በጃማይካ ደሴት የአንድ ሃይማኖት መጠሪያ ሆነ። ለአንድ ሕፃን የወጣ ስም የት እንደሚደርስ ማን ሊገምት ይችላል?

የዋግን ነገር ስናነሣ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደን ሳንጠራ ማለፍ አይገባንም። የዋግሹም ከበደ ልጅ የሆኑት እኒህ አርበኛ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለአገራቸው ሲዋጉ ተይዘው በ1930 ዓ.ም. በመስከረም ወር አንገታቸው ተቀላ። ከበደ ማለት ክብደት አገኘ፣ ተከበረ ማለት ነው። አባትዬው በስማቸው የተመኙትን ክብር ልጅዬው በደማቸው ከፈሉበት።

፭. ያልተጻፈው የእናቶች ታሪክ

የነገሥታትን ታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈውታል። የገበሬውንና የባልቴቷን ታሪክ ግን ማን ጻፈው? እኛ እንደ ተረዳነው የጻፉት እናቶች ናቸው፤ የጻፉትም በልጆቻቸው ላይ ነው።

ከሁሉ በፊት የኀዘን ስሞች ይገኛሉ። ካሣ፣ ምትኩ፣ ተካ፣ ተካልኝ፣ ማስረሻ፣ አስረሳኸኝ የሚባሉት ሁሉ ከባለስሙ በፊት የሞተ ሰው እንደ ነበረ ይነግሩናል። ቢያድግልኝ የሚለው ስም ግን ከሁሉ ይልቅ ልብ ይነካል፤ እናቲቱ ልጁ ማደጉን አላመነችም፤ «ምነው ባደገልኝ» ብላ ትለምናለች። ስንታየሁ ማለት «ስንቱን አየሁ» ማለት ነው። ዘርዝሮ ለመናገር የከበዳትን መከራ ባንድ ቃል ጠቅልላ ለልጇ ሰጠችው። በ1977 ዓ.ም. በአገራችን ላይ የደረሰውን ረኃብ ያየ ሰው የእነዚህን ስሞች ትርጉም ያለ አስተርጓሚ ያውቀዋል።

ሁለተኛ የዝናብና የእህል ስሞች አሉ። የዋግ መሬት ዝናብ የሚያጥርበት አገር ስለ ሆነ፣ ዝናቡ፣ ለምለም፣ አዝመራው፣ እሸቱ፣ ጥጋቡ የሚሉት ስሞች ለእኛ እንዲሁ የተገኙ ጌጦች አይደሉም። ጥጋቡ የተባለ ሰው ካለ የተወለደበት ዓመት የደግ ዘመን እንደ ነበረ እንገምታለን። የዐፄ ልብነ ድንግል ባለቤትም ሰብለ ወንጌል፣ ማለትም የወንጌል መከር ይባሉ ነበር፤ ገበሬው የሚያውቀው ቃል እስከ ቤተ መንግሥት ደርሶ ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛ የቤተሰብ ስሞች አሉ። እታገኝ፣ እታፈራሁ፣ ወንድማገኝ፣ ወንድምነህ የሚሉት ስሞች የሚናገሩት ስለ ባለስሙ ሳይሆን ስለ ታላላቆቹ ነው፤ እኅት ያጣችው እኅት አገኘች፣ ብቻውን የነበረው ወንድም አገኘ ማለት ነው። ይመኙሻል፣ አትጠገብ፣ ዓለምነሽ፣ ወርቅነሽ፣ ጥሩነሽ የሚባሉት ደግሞ የሴት ልጅ መወለድ በቤቱ ደስታ እንደ ነበረ ይመሰክራሉ። ማንደፍሮና ማናለብሽ የሚሉት ስሞች ጎረቤት እንዲሰማቸው የወጡ ይመስላሉ፤ ቤቱ ተንቆ እንደ ነበረና አሁን አለኝታ እንዳገኘ ይናገራሉና።

አራተኛ የዘመን ስሞች አሉ። ድሉ፣ ሰላም፣ ነፃነት፣ አብዮት የሚባሉት ሰዎች ስማቸውን ሲናገሩ ወላጆቻቸው የኖሩበትን ዘመን አብረው ይናገራሉ። አንዱ ከጦርነት በኋላ፣ ሌላው በ1966 ዓ.ም. በፈነዳው አብዮት ማግሥት ተወልዶ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ላይ የሰዋስው መምህራችን ያስገነዘቡንን አንድ ነገር እንጨምራለን። አበበ፣ በቀለ፣ ታደሰ፣ ከበደ የሚሉት ስሞች ሁሉ ያለቀ ድርጊት የሚናገሩ ግሦች ናቸው። እናት «ያብብ» ሳትል «አበበ» ትላለች፤ «ይታደስ» ሳትል «ታደሰ» ትላለች። ገና በጡት ያለውን ሕፃን አብቦ ያለቀ አድርጋ ትጠራዋለች። ይህ የእምነት አነጋገር ነው።

፮. ስም እንዳይጠፋ

ስምን የሚያጠፋው ሞት ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ስም በፊደል ስሕተት ይጠፋል። ለምሳሌ ምሕረት በሐመሩ ሐ ሲጻፍ ይቅርታ ማለት ነው፤ በሃሌታው ሀ ሲጻፍ ግን ሥሩ መሀረ ይሆንና ትርጉሙ ወደ ትምህርት ይሄዳል። በላቲን ፊደል በሚጻፍበት ጊዜም «ተ» እና «ጠ» ባንድ ፊደል ስለሚገቡ፣ አንድ ተማሪ በአንዱ የምስክር ወረቀቱ ላይ በአንድ መልክ፣ በሌላው ላይ በሌላ መልክ ተጽፎ ሲቸገር አይተናል። ስለዚህ ሁላችንም ስማችንን ከነትርጉሙ ዐውቀን በትክክል መጻፍ ይገባናል።

አንዳንዱ ስም ደግሞ በቋንቋ መረሳት ይጠፋል። ኽምጣንጋ ዛሬ በዋግ ኽምራ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በግዕዝ ፊደል ተጽፎ ይሰጣል፤ ይህም ትልቅ ደስታ ነው። ነገር ግን አያቶቻችን በኽምጣንጋ የሚያውቋቸው የሰውና የቦታ ስሞች ትርጉም በመጽሐፍ ሳይሆን በእነርሱ አፍ ውስጥ ነው ያለው። የላሊበላን ስም ትርጉም ያተረፈልን ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው የአባቶች ትረካ ነው። የእኛንስ ማን ያትርፍልን? እኛው ራሳችን ደብተርና እርሳስ ይዘን በአያቶቻችን አጠገብ ካልተቀመጥን ሌላ የሚያተርፍልን የለም።

አንዳንዱ ስም ደግሞ በእፍረት ይጠፋል። አጭርና የውጭ አገር ስም ያማረ፣ የእናት ስም ግን ያረጀ የሚመስለው ተማሪ አለ። የውጭ ስም መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም፤ ዮሐንስም ሆነ ጴጥሮስ በጥንት ዘመን ከውጭ የመጡ ናቸው። የምንለው ይህ ብቻ ነው፤ ሰው ስሙን ከመጣሉ በፊት ስለ ምን እንደ ወጣለት ይጠይቅ።

የከተማችን ስምም እንደ ሕፃን ስም አዲስ ትርጉም አግኝቷል። በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. መንግሥት በ2022 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን የመቀንጨር ችግር ለማስወገድ ቃል ሲገባ፣ ያ ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተባለ። በረኃብ ይታወቅ የነበረ አገር ስም ለሕፃናት ዕድገት የተገባ ቃል መጠሪያ ሆነ ማለት ነው። ይህ ቃል ከተፈጸመ፣ ወደፊት በዚህ አገር የሚወለዱ ሕፃናት ማስረሻና ምትኩ መባላቸው እየቀነሰ፣ ለምለምና ጥጋቡ መባላቸው እየበዛ እንደሚሄድ ተስፋ እናደርጋለን።

ጓደኛችን ማስረሻ ስሙን አልለወጠም። ለፈተና በተመዘገበ ጊዜ ፊደሉን አንድ በአንድ እያየ ሙሉውን ጻፈ። ስሙን ያየ ጸሐፊ የሁለቱን ሕፃናት ነገር አያውቅም፤ እርሱ ግን ያውቃል፤ እናቱም እንደሚያውቅ ያውቃሉ።

ውድ አንባቢዎቻችን ሆይ፣ እናንተም ይህን መጽሔት አጥፋችሁ ወደ ቤታችሁ በገባችሁ ጊዜ እናቶቻችሁንና አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ የነገሯችሁንም ጻፉ። ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ሳይጠይቋችሁም ቢሆን ንገሯቸው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል፤ ከመቃብር በላይ ሲውል ግን ትርጉሙን የሚያውቅ ሰው ያስፈልገዋል። ስምን መልአክ ያወጣዋል የተባለውም እውነት ነው፤ እኛ ግን ጠይቀን እንደ ተረዳነው፣ መልአኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው በእናት አፍ ነው።